ከበረዶው ጅረት የመጣችው

ናፍቆት ሲባል እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትክዝ ብዬ ያየኝ ሰው «አገር ቤት ናፍቆሽ ነው አይደል?» ይለኛል፤ አይደለም ብለው አያምነኝም። የኔ ናፍቆት ረግጬው የማላውቅ ቦታ ነው። ከምድር ግርጌ፣ በደቡብ ዋልታ በኩል፣ ከበረዶ ግግር ሥር እየቀለጠ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚፈስ አንድ ቀጭን ጅረት አለ። ዛፍ የለው፣ ሣር የለው፣ ዳርና ዳሩ ጠጠር ብቻ። እሱ ነው የሚናፍቀኝ። ይህን የነገርኩት ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያዝንልኛል።

ሥራዬ የዚያን ጅረት ነዋሪዎች መለየት ነው። ዲያቶም ይባላሉ። አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ፣ ከአልጌ ወገን የሆኑ ፍጥረታት ናቸው። ልዩ የሚያደርጋቸው ገላቸውን መስታወት በሚመስል ቅርፊት ውስጥ ከተው መኖራቸው ነው። ዝርያቸው የሚለየው ቅርፊቱ ላይ ባለው መስመርና ነጠብጣብ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ? ጫፉ ሾጠጥ ይላል ወይስ ድቡልቡል ነው? መሃሉ ላይ ለብቻዋ የቆመች ነጠብጣብ አለች ወይስ የለችም? እኔ ከምኖርበት ከሬኒየር ቢች በባቡር ሄጄ፣ ቤተ ሙከራችን ያለበት ምድር ቤት ገብቼ፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ስፈልግ የምውለው ይህንን ነው። አንገቴ ከሌላው ገላዬ ቀድሞ ያረጀው ለዚህ ነው።

እዚህ ሲያትል ዝናቡ ሲከብድ እዚያ ፀሐይ ትወጣለች። የዚያን ጊዜ ባልደረቦቼ ሻንጣቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። የጅረቱን ውሃ ይለካሉ፣ ከድንጋዩ ላይ የተጋገረውን ቡናማ ልጋግ በትንንሽ ብልቃጥ ይቀዳሉ፣ ወዲያው እንዳይበሰብስ ማቆያ መድኃኒት ያንጠባጥቡበታል። መድኃኒቱ ያቆያል፤ ይገድላልም። ብልቃጡ እኔ ጋ ሲደርስ ደግሞ አሲድ አፍስሼበት አፈላዋለሁ፤ ሥጋው ሁሉ ተበልቶ ባዶው ቅርፊት ብቻ እንዲቀር። ቅርፊቱ ካልጸዳ መስመሩ አይታይም። የሙያችን ወግ እንዲህ ነው፤ ማንነቷን ለማወቅ መጀመሪያ መሞት አለባት። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ጅረት ሳጠና ከነዋሪዎቹ አንዷንም በሕይወት ሳለች አይቼ አላውቅም ነበር።

ከነዚያ ሁሉ ቅርፊቶች መካከል አንዷ እንቅልፍ ነሳችኝ። ጀልባ የምትመስል ትንሽ ናት። የዝርያ መለያ መጽሐፋችንን ስገልጥ ከአንዲት የአውሮፓ ዝርያ ጋር ትመሳሰላለች፤ አለቃዬም «እሷው ናት» ብላ ከወሰነች ቆይታለች። እኔ ግን ሆዴ እሺ አላለኝም። የመስመሮቿ መጨረሻ የሚጎብጠው በሌላ አኳኋን ነው። ነገሩ ድሮም የታወቀ ስሕተት አለው። የደቡቡን ናሙና መጀመሪያ ያዩት ሰዎች እጃቸው ላይ የነበረው የሰሜኑ መጽሐፍ ብቻ ስለነበር፣ ያገኙትን ሁሉ በሰሜኑ ስም ጠሩት። ኤርፖርት ሰው ሊቀበል ሄዶ ከሩቅ ያየውን ሁሉ የአክስቴ ልጅ ነው እያለ ሮጦ እንደሚያቅፍ ሰው ማለት ነው። ብዙዎቹ በኋላ ሲመረመሩ ባዕድ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህቺንም ከአውሮፓዋ የሚለያት ሌላ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ማስረጃው ደግሞ ያለው ሥጋዋ ውስጥ ነው። ዲያቶም ብርሃን የምትመገብበት ቡናማ ቅጠል የመሰለ ነገር በሆዷ ትይዛለች። የአውሮፓዋ ሁለት ቅጠል እንዳላት ተጽፏል። የኛዋስ? አሲዱ ይህን ሁሉ ይበላዋልና ማንም አያውቅም። በሕይወት ሳለች ያየኋት ዕለት ብቻ ነው ማን እንደሆነች የምናገረው። እዚያው ጅረቱ ዳር ማይክሮስኮፕ ይዤ መቀመጥ አለብኝ አልኩና ለጉዞው አመለከትኩ።

ከኔ በላይ የተጨነቁት አባቴ ናቸው። አባዬ ከወሎ ከመጡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ የኤርፖርት ታክሲ ነድተዋል፤ አሁን ከኔ ጋር ይኖራሉ፣ ከመስጊድ አይጠፉም። ጉዞውን ስነግራቸው ቅዝቃዜውንም፣ የአውሮፕላኑንም ነገር አልጠየቁኝም።

«ፀሐይዋ አትጠልቅም ነው የምትዪኝ?»

«በዚያ ወቅት አትጠልቅም አባዬ። ዙሪያውን ትዞራለች እንጂ።»

«ታዲያ መግሪብ መቼ ይሰገዳል?»

አላውቅም አልኳቸው። ሳያውቁ መሄድማ አይሆንም ብለው ነገሩን መስጊድ ይዘውት ሄዱ። እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ለሳምንታት ሲከራከሩበት ከረሙ። አንዱ ያለፋትን ሰላት ስትመለስ ቀዷ ታውጣ ይላሉ፣ ሌላው በመካ ሰዓት ይሁንላት ይላሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ መጀመሪያ ነገር ሴት ልጅ እዚያ ምን ጥሏት ትሄዳለች ይላሉ። አባዬ እኚህን ሦስተኛውን ለጊዜው ሰላምታ ነፈጓቸው።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። በሩን ስትዘጋ ገባኝ። «የአውሮፕላኑ ቦታ ጥቂት ነው» አለችኝ። «እዚያ ካልተገኘ ሥራው የማይሠራለት ሰው መቅደም አለበት። ያንቺ ሥራ እኮ እዚሁ ይሠራል።» ስለ ሥራዬ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ነው፤ እውነትም ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ። በሚገባ ስለሠራሁ ሁልጊዜ እዚሁ እሠራለሁ።

ቤት ስገባ አባዬ ከመስጊድ ተመልሰው በር ላይ ይጠብቁኛል። ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ተገኘ!» አሉኝ።

«ምኑ?»

«መልሱ ነዋ! ሸኹ ራሳቸው ነገሩኝ። ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ከሆነ ቅርብ ባለው አገር ሰዓት ይሰገዳል። ሶ፣ ፕሮብሌም የለም ማለት ነው። ጥያቄ ካለሽ ኮል አድርጊልኝ ብለዋል።» በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል፤ ከዋይት ሴንተር ሱቆች ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ገዝተውልኛል።

አልሄድም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ካልሲውን ተቀብዬ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ማልቀሴን እንዳይሰሙ። ሰሙኝ። መጥተው አጠገቤ ቆሙና «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።

የማልሄድ ከሆነ እሷ ትምጣ አልኩ። ከሚሄዱት መካከል ውሃ የሚለካው ባልደረባዬ ደግ ሰው ነው። ያ ጅረት ፀሐይ የማትወጣበትን የዚያን አገር ክረምት ሙሉ ደርቆ እንደሚከርም፣ ድንጋዩ ላይ የተጋገረው ልጋግም አብሮ ደርቆ ውሃው ሲመለስ እንደሚያንሰራራ የነገረኝ እሱ ነው። «እንግዲያው ውሃው ሳይደርስበት የደረቀውን ልጋግ አምጣልኝ» አልኩት። «መድኃኒት አትጨምርበት። በምንም ዓይነት መድኃኒት አትጨምርበት።» ከዚያ ቦታ ጠጠር እንኳ ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ፈቃዱን እሱ ራሱ አስጨረሰልኝ።

እዚህ ሲያትል የቼሪ ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ ዕቃው ደረሰ። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ የተቃጠለ ወረቀት የመሰለ ነገር። ይኼ ነው? አልኩ። በቤተ ሙከራችን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ የአባዬን ካልሲ አጥልቄ፣ ከብልቃጥ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ጠበቅሁ። ከሰዓት ሆነ። ማይክሮስኮፑ ሥር የማየው ሁሉ ባዶ ቅርፊት ነው፤ እሱን ደግሞ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ተስፋ ቆርጬ መብራቱን ላጠፋ ስል አንድ ቡናማ ነገር ከአሸዋው ሥር ሸርተት ብሎ ወጣ።

እሷ ነበረች። ጀልባዋ። በአንድ ወገን ጫፏ አሸዋውን ነካ ታደርጋለች፣ ወደኋላ ትላለች፣ እንደገና ነካ ታደርጋለች። እንደምትንቀሳቀስ አውቃለሁ፤ መጽሐፉም ይላል፣ ለሌሎችም አስተምሬያለሁ። ሲያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። በሬሳዋ ስለማውቃት አንድ ቀን እንኳ ወደ አንድ ቦታ መሄድ የምትፈልግ ፍጥረት መስላኝ አታውቅም ነበር። ደስታዬም፣ እንባዬም ተቀላቅሎ ማይክሮስኮፑን አጨፈገገብኝ። ከዚያም ሆዷን አየሁ። ቅጠሏ አንድ ነበረች፤ ሰፊ፣ ዳሯ የተሸበሸበ፣ አንድ ብቻ።

ፎቶ አነሳኋት፤ አለቃዬን ጠራኋት። አለቃዬ ረጅም ጊዜ አይታ ቀና አለችና «አንቺ ነሽ ትክክል ማለት ነው» አለች። ቀጠል አድርጋም «ግን ታውቂያለሽ» አለች። አውቃለሁ። ባለ አንድ ቅጠሏ ፍጥረት ያንን ቅርፊት የለበሰች ለመሆኗ ማስረጃው አንድ ብቻ ነው፤ ያቺኑ ራሷን በአሲድ አጽድቶ መስመሯን ማየት። ደግሞም በሕጋችን አዲስ ዝርያ የሚመዘገበው በሞተና በተቀመጠ ናሙና ነው፤ በሕይወት ያለ ፍጥረት ለምስክርነት አይበቃም። ከደረቀው ልጋግ ውስጥ ሌሎች ዓይነቶች ጥቂት ነፍስ ዘርተዋል። ከእሷ ወገን ግን እሷ ብቻ ነበረች።

መውጫ ነበረው። ዲያቶም ትከፈላለች፤ አንዷ ሁለት ትሆናለች። ቅርፊቷ እንደ መሶብ ነው፣ አካልና ክዳን፤ ሁለት ግማሽ። መከፈያዋ ሲደርስ በውስጧ ሁለት አዳዲስ ግማሾች ትሠራለች፣ ከዚያ ትላቀቃለች፤ እያንዳንዷ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ ይዛ ትሄዳለች። እንግዲህ ሁለት ብትሆንልኝ አንዷን ለአሲዱ እሰጣለሁ፣ አንዷ ትኖርልኛለች። ከዚያች አንዷ ደግሞ ብዙ ይወለዳሉ። ጅረቱ እኔ ጋ መጣ ማለት አይደል? በቀጭን የመስታወት ቱቦ ስቤ ለብቻዋ በትንሽ ሳህን አስቀመጥኳት፣ መብራቱን እንደዚያ አገር ፀሐይ ሳላጠፋ ተውኩላት፣ መጠበቅ ጀመርኩ።

ቅዳሜ አባዬን ይዣቸው ሄድኩ። ማይክሮስኮፑ ላይ በአንድ ዓይናቸው ሲያዩ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ልጅ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ሱብሃነላህ! ትሄዳለች እኮ! ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እሱን ማን ያውቃል።»

«ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን ናት። ሁለት ትሆንልኝ ዘንድ እየጠበቅሁ ነው።» ካልሆነች ምን እንደማደርጋት ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ ሰሙኝ።

«ኦኬ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ዱዓ አደርጋለሁ። ለስንት ነገር ዱዓ አድርጌያለሁ፣ ለዚህች ምን ይቸግረኛል?» ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ስገባ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ያው ናት» እላለሁ።

ሰው የናፈቀውን ሲያገኝ ናፍቆቱ ይበርድለታል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ባሰብኝ። ጠዋት ጠዋት ከባቡሩ ስወርድ እስከ ቤተ ሙከራው እሮጣለሁ፤ በዕድሜዬ የማያምርብኝን ሩጫ። ሳህኗ ውስጥ ስትንሸራሸር ሳያት እዚያ ውሃው ሲመለስ ጅረቱ ውስጥ ስንት ሺህ ሆነው ድንጋዩን እየዳሰሱ እንደሚውሉ አስባለሁ። ውሃው ድምፅ አለው? ይሸታል? ባልደረባዬን ስጠይቀው «ቀዝቃዛ ነው» ይለኛል። ይህን ያህል ርቆ ሄዶ አይቶት «ቀዝቃዛ ነው» የሚል ሰው አለ? በቅናት አረርኩ።

ከዚያ ፍጥነቷ ቀነሰ። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ቀጥሎ ጭራሽ ቆመች። ቅጠሏም መሃል ለመሃል ስርጉድ አለ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። አለቃዬን ጠራኋት። ሁለታችንም ተራ በተራ አየን። «እየሞተች ነው» አለች። እኔም ሌላ አልታየኝም። የጠወለገ ነገር ይሰበሰባል፤ የሚሞት ነገር ይቆማል። ዕድሜያችንን ሙሉ በባዶ ቅርፊት ላይ የተራቀቅን፣ የሬሳ ሊቃውንት ነን፤ በሕይወት ያለች ምን ምን እንደምትሆን በየት በኩል እናውቃለን?

በራሷ ከሞተች ባክቴሪያ ይወርራታል፣ ቅርፊቷ ይላቀቃል፣ ግማሾቹ ተበታትነው ይጠፋሉ፣ ሁሉም ነገር ከንቱ ይቀራል። «እስከ ነገ ልያት» አልኳት አለቃዬን። «አንቺ ነሽ የምትወስኚው» አለችና ሄደች። ቁጭ ብዬ አየኋት። ተንቀሳቀሺ አልኳት በአማርኛ፤ በእንግሊዝኛ ለምን እንደማናገራት አልገባኝም ነበርና። አልተንቀሳቀሰችም። ነገ ስመጣ ተበትና ባገኛትስ? ፈራሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ፣ ከደጄ ደርሳ፣ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ልታመልጠኝ? በቱቦው ሳብኳት፣ ስሱ መስታወት ላይ አስቀመጥኳት፣ አሲዱን ጠብ አደረግሁ። ቡናማው ቀለም ፈዘዘ፣ ነጣ፣ ጠፋ።

አሲዱ ሥራውን ሲጨርስ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት። ሁለት ግማሽ ነበር የምጠብቀው። መጀመሪያ ያየሁት አንዱን ነው፤ መስመሩ ጫፉ ላይ ልክ እንዳልኩት ይጎብጣል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሁለተኛውም አጠገቡ ነበር። ከእነሱ መካከል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አጉሊውን ወደ ታች አደረግሁ። ሁለት ሌሎች ግማሾች፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ፣ ስስ፣ መስመራቸው ገና ያልጠነከረ፣ አዲስ።

እንደገና ቆጠርኩ። አራት ነገር ደግሞ የሚቆጥር ሰው ማመን አልፈለገም ማለት ነው። አራት ናቸው። የቆመችው ደክሟት አልነበረም። ቅጠሏ መሃሉ ላይ የሰረጎደው ጠውልጎ አልነበረም፤ ለሁለት እየተካፈለ ነበር።

አለቃዬ መጥታ አየችና አቀፈችኝ። «አዲስ ዝርያ ናት! አዲስ ናት፣ ተረጋገጠ!» አለች፤ አራቱንም አይታለች፣ ገብቷታልም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ አቅፋ ቶሎ ያልለቀቀችኝ። ቅርፊቶቹን ከነመስታወታቸው ለዘለዓለም የሚቀመጡበት ሳጥን ውስጥ አኖርን። ከእንግዲህ በየትም አገር ያለ ሰው ያቺን ዝርያ ማወቅ ቢፈልግ የሚያየው እነዚያን አራቱን ነው። የምፈልገው ሁሉ ተሟላልኝ። በባቡሩ ስመለስ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ እኔ ለማንም የማላወራው ልጅ የሞተብኝ ያህል ደረቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

አባዬ በሩን ከፈቱልኝ።

«ዛሬስ?»

ጫማዬን አወለቅሁ። ኮቴን ሰቀልኩ። ፊቴን አይተው እንደገና አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ዝም ልላቸው አልቻልኩም፣ ዱዓው የእሳቸው ነበርና።

«ሁለት ሆና ነበር፣ አባዬ» አልኳቸው። «አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። አልጠበቅኳትም።»